ለሰነድና ለቴምፕሌት የትኛው ላይሰንስ? ሲሲ ባይ፣ ሲሲ ዜሮ ወይስ ኤምአይቲ

ሰነድ_ቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። በአማርኛ የሶፍትዌር ሰነድ ለሚጽፉ ሰዎች የሚሆን ሪፖ (ጊትሃብ ላይ የሚቀመጥ የፋይሎች ስብስብ) እያዘጋጀን ነው። ለሕዝብ ከመክፈታችን በፊት የቀረን ላይሰንሱ (የአጠቃቀም ፈቃዱ) ብቻ ነው። ውስጡ ያለው ይህ ነው፦

– ወደ 40 ገጽ የሚጠጋ የአጻጻፍ መመሪያ፣ በማርክዳውን (ቀላል የጽሑፍ ቅርጸት)
– 14 ቴምፕሌት (ሪድሚ፣ የአጫጫን መመሪያ፣ የኤፒአይ ማጣቀሻ፣ የብልሽት ሪፖርት፣ ቃለ ጉባኤ ወዘተ)፣ እያንዳንዱ በማርክዳውንም በወርድም
– ማርክዳውኑን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይሩ ሁለት አጫጭር የፓይተን ስክሪፕቶች
– 300 ያህል ቃላት ያሉት የቃላት መፍቻ። የተወሰነው ማብራሪያ ከጉግል የዴቨሎፐር ሰነድ አጻጻፍ መመሪያ፣ የተወሰነው ከኤምዲኤን (የሞዚላ የድር ቴክኖሎጂ ሰነድ) ገጾች የተተረጎመ ነው
– የኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፎንት ፋይልና የፕሮጀክቱ ሎጎ

ማንም ወስዶ እንዲሠራበት እንፈልጋለን፤ ድርጅትም ይሁን፣ አስከፍሎ የሚያሠለጥንም ይሁን። መመሪያውን የሚያባዛ ሰው ስማችንን ቢጠቅስ ደስ ይለናል። ቴምፕሌቱን ሞልቶ ለአለቃው የሚያስገባውን ሰው ግን ግርጌ ላይ የእኛን ስም ጻፍ ማለት ነውር መሰለን። ከመካከላችን አንዱ «ሁሉንም ኤምአይቲ አድርጉትና እንገላገል» ይላል፤ ኤምአይቲ ለሶፍትዌር የተለመደ ላይሰንስ ነው። ሌላው ከክሪኤቲቭ ኮመንስ (ሲሲ) ላይሰንሶች ለንግድ የማይፈቅደው ሲሲ ባይ ኤንሲ ይሻላል ባይ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

---

ቀለም_ቀንድ፦

መጀመሪያ ኤንሲን ከጠረጴዛው ላይ አንሱት። «አስከፍሎ የሚያሠለጥንም ይሁን» ብላችሁ ኤንሲ ማድረግ አይሆንም፤ ኤንሲ የሚከለክለው በትክክል እሱን ነው። ከዚያም አልፎ የፎቶ ኮፒ ቤቱ መመሪያውን አባዝቶ በትርፍ ቢሸጥ ጥፋት ነው ወይስ አይደለም የሚል ክርክር ትከፍታላችሁ፤ መልሱንም ማንም በእርግጠኝነት አይነግራችሁም። ኤንዲ የሚል ሐሳብ ከመጣም እንዲሁ። ኤንዲ የተለወጠ ሥራን ማሰራጨት ይከለክላል፣ ትርጉም ደግሞ ለውጥ ነው። መመሪያችሁን ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ ትግርኛ መልሶ የሚያወጣ ሰው እያንዳንዱን ጊዜ ፈቃድ ሊጠይቃችሁ ነው ማለት ነው።

ለቀረው፣ ፋይሉን በዓይነቱ ሳይሆን ተቀባዩ በሚያደርግበት ነገር ለዩት። የሚነበብ አለ፣ ተሞልቶ የሌላ ሰው ሰነድ የሚሆን አለ፣ የሚሠራ ኮድ አለ።

የሚነበበው (መመሪያውና የቃላት መፍቻው) ሲሲ ባይ 4.0 ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ይህ እትም ለየአገሩ ሕግ ተለይቶ የተጻፈ ስላልሆነ አንዱ ጽሑፍ ለሁሉም አገር ይሠራል። የሚጠይቀውም ቀላል ነው፦ የአዘጋጁን ስም፣ የቅጂ መብት መግለጫ ካለ እሱን፣ የላይሰንሱን ስምና ሊንክ፣ ወደ ምንጩ የሚወስድ ሊንክ፣ ለውጥ ተደርጎ ከሆነም «ተለውጧል» ማለት። ይህን ሁሉ እያንዳንዱ ገጽ ላይ መደርደር አያስፈልግም። ላይሰንሱ «ለሁኔታው ምክንያታዊ በሆነ መንገድ» ስለሚል ዝርዝሩን ወደያዘ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ይበቃል። የወረቀት ኅትመት ላይ ግን አድራሻው በፊደል ይጻፍ፤ ወረቀት ላይ ማንም ክሊክ አያደርግም።

ቴምፕሌቱ ላይ ሲሲ ባይ የማይመቸው እናንተ ራሳችሁ ባላችሁት ምክንያት ነው። የብልሽት ሪፖርቱን ቴምፕሌት ሞልቶ ያስገባ ሰው፣ የሞላው ሰነድ ከእናንተ ሥራ የወጣ ለውጥ ነው። ያንን ሪፖርት ለደንበኛው ሲልክ ወይም ድረ ገጹ ላይ ሲለጥፍ ስማችሁን የመጥቀስ ግዴታ ይከተለዋል። አብዛኛው ሰው አይጠቅስም፣ እናንተም አትከሱም። ሕግ ክፍል ያለው ድርጅት ግን ይህን አይቶ ቴምፕሌቱን ይተወዋል። ስለዚህ ቴምፕሌቱ መብትን ሁሉ የሚተወው ሲሲ ዜሮ 1.0 ይሁን። ጊትሃብ የጊት ኢግኖር (ጊት የሚዘላቸውን ፋይሎች የሚዘረዝሩ) ቴምፕሌቶቹን ስብስብ የለቀቀው በዚሁ ነው።

ስክሪፕቶቹ ኤምአይቲ ወይም አፓቼ 2.0። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ራሱ ላይሰንሶቹን ለሶፍትዌር አትጠቀሙ ይላል። ስለ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ምንም ፈቃድ አይሰጡም፣ ስለ ምንጭ ኮድ አቀራረብም የሚሉት የለም። ለሁለት አጭር ስክሪፕት ኤምአይቲ ይበቃል።

---

ብራና፦

በቀለም_ቀንድ አከፋፈል እስማማለሁ፣ «ሁሉንም ኤምአይቲ» ላላችሁት ሰው ግን መልስ ይገባዋል፤ ሐሳቡ ሞኝ አይደለም። የኤምአይቲ ጽሑፍ «ሶፍትዌርና ተያያዥ የሰነድ ፋይሎች» ስለሚል ሰነድንም ይሸፍናል። ችግሩ ግዴታው ላይ ነው። የቅጂ መብት መስመሩና ሙሉው የፈቃድ ጽሑፍ በእያንዳንዱ ቅጂ ወይም በሥራው ጉልህ ክፍል ሁሉ ውስጥ እንዲገባ ይጠይቃል፣ ሊንክ ይበቃል አይልም። አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ግርጌ ሦስት አንቀጽ የእንግሊዝኛ የሕግ ጽሑፍ አስቡት። ከሲሲ ባይም የባሰ ሸክም ነው።

በሶፍትዌር ላይሰንስ ቤት ውስጥ መቆየት ከፈለጋችሁ ኤምአይቲ ዜሮ ወይም ዜሮ ክሎዝ ቢኤስዲ አለላችሁ። ሁለቱንም ኦኤስአይ (የክፍት ምንጭ ላይሰንሶችን የሚያጸድቀው ድርጅት) አጽድቋቸዋል፣ ሁለቱም ስም መጥቀስን አይጠይቁም። የፓይተን ኦፊሴላዊ ሰነድ ከ3.8.6 ጀምሮ በውስጡ ያሉትን የኮድ ምሳሌዎች ከፓይተን ላይሰንስ በተጨማሪ በዜሮ ክሎዝ ቢኤስዲ የለቀቀው አንባቢው አምስት መስመር ቀድቶ ሲሄድ ሸክም እንዳይከተለው ነው። እናንተም መመሪያው ውስጥ ያሉትን የኮድ ቁርጥራጮች እንደዚያ አድርጉ። ያለዚያ መመሪያው ሲሲ ባይ ስለሆነ ምሳሌዎቹም ሲሲ ባይ ይሆናሉ።

ሲሲ ዜሮን ለኮድ አታድርጉት። አንቀጽ 4 የፓተንትና የንግድ ምልክት መብት እንዳልተለቀቀ በግልጽ ይላል። ፌዶራ (የሊኑክስ ስርጭት) እ.ኤ.አ. በ2022 ለኮድ አልቀበልም ያለው በፓተንቱ ምክንያት ነው፤ ለሰነድና ለይዘት ግን ይቀበላል። ባዶ ቃለ ጉባኤ ላይ ፓተንት የለም፣ ስለዚህ ለቴምፕሌቱ አያሳስብም።

አሁን ማንም ያላነሳው ነገር፦ የቃላት መፍቻችሁ ሙሉ በሙሉ ሲሲ ባይ መሆን አይችልም። የጉግሉ ክፍል ችግር የለውም። የዚያ መመሪያ ጽሑፍ ሲሲ ባይ 4.0 ነው፣ የኮድ ናሙናው አፓቼ 2.0። ስማቸውን ጠቅሳችሁ «ከእንግሊዝኛ ተተርጉሟል፣ አጥሯል» ማለት ይበቃል። የኤምዲኤን ጽሑፍ ግን ሲሲ ባይ ኤስኤ ነው፣ እትሙም 2.5 ወይም ከዚያ በኋላ ያለ። ኤስኤ ማለት ከኔ የወጣው ሁሉ እንደኔ ይሁን ማለት ነው። ተርጉማችሁ ወደ 4.0 ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ፣ ኤስኤውን መጣል ግን አትችሉም።

ሁለት መውጫ አላችሁ። አንደኛው ከኤምዲኤን የመጡትን ለብቻ ፋይል አውጥቶ ሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0 ብሎ መሰየም። ሁለተኛው ማብራሪያዎቹን እንግሊዝኛውን ሳያዩ ከራስ እውቀት እንደገና መጻፍ። «ፈንክሽን ማለት ተግባር» የሚለው የቃል ለቃል አቻ አያስፈራም፣ የሚያስጨንቀው ሁለትና ሦስት ዓረፍተ ነገር የሆነው ማብራሪያ ነው። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በአንድ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሁለት ላይሰንስ ማስተዳደር ቆይቶ ያሰለቻል፣ ሰውም ደባልቆ ይቀዳዋል። ከአማርኛ ዊኪፔዲያ የመጣ ካለም ያው ኤስኤ ነው።

---

ነጥብ_ሰረዝ፦

መምረጡ ቀላሉ ነው፤ ነገሩ የሚበላሸው ምልክት ማድረጉ ላይ ነው። ሰው ሪፖውን አያወርድም፣ አንዷን ፋይል ነው የሚወስደው። በቴሌግራም ሦስት እጅ ካለፈች በኋላ ፋይሏ ራሷ ካልተናገረች ላይሰንሷን የሚያውቅ የለም።

የአውሮፓ ነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ያወጣውን ሪዩዝ የሚባለውን አሠራር ተከተሉ። እንዲህ ነው፦

1. በሪፖው ሥር ላይሰንስስ የሚል ፎልደር ፍጠሩ፣ የእያንዳንዱን ላይሰንስ ሙሉ ጽሑፍ በየፋይሉ አስቀምጡ። የፋይሉ ስም የኤስፒዲኤክስ መለያው (የላይሰንሱ መደበኛ አጭር ስም) ራሱ ይሁን። መለያው በላቲን ፊደል፣ በሰረዝ ተያይዞ፣ ያለ ክፍተት ነው የሚጻፈው። ሲሲ፣ ሰረዝ፣ ባይ፣ ሰረዝ፣ 4.0። የእትሙን ቁጥር መተው ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው፤ «ሲሲ ባይ» ብቻ ማለት የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

2. በማርክዳውን ፋይሎች አናት ላይ በኤችቲኤምኤል ኮሜንት ሁለት መስመር አስገቡ፤ አንዱ የቅጂ መብቱ የማን እንደሆነ ከነዓመቱ፣ ሌላው የኤስፒዲኤክስ መለያውን የሚናገር። ፓይተኑ ላይ በ# ምልክት።

3. ወርድ፣ ፎንትና ምስል ውስጥ ኮሜንት መጻፍ አይቻልም። ለእነሱ ከጎናቸው በዚያው ስም፣ መጨረሻው ላይ ነጥብ ላይሰንስ የሚል ተጨምሮበት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል። ለ14 የወርድ ፋይል 14 ተጨማሪ ፋይል ከበዛባችሁ በሥሩ ባለች አንዲት የቶምል (የቅንብር ጽሑፍ) ፋይል ፎልደሩን በሙሉ መጥቀስ ይቻላል።

4. የሪዩዝን ትዕዛዝ በፒፕ (በፓይተን ፕሮግራም መጫኛ) ጭናችሁ ሊንት የሚለውን አስኪዱ። ላይሰንስ የሌለውን ፋይል ሁሉ በስሙ ይዘረዝርላችኋል። ፑል ሪኩዌስት (የለውጥ ጥያቄ) ሲመጣ በራሱ እንዲሠራ አድርጉት፤ ያለዚያ በሁለተኛው ወር ይረሳል።

ቴምፕሌቶቹ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አናቱ ላይ ያስቀመጣችሁት የላይሰንስ መስመር ሰው ቴምፕሌቱን ሲቀዳ አብሮ ይሄዳል። ምስጢራዊ የውስጥ ሪፖርት አናት ላይ «ይህ ሰነድ ሲሲ ዜሮ ነው» የሚል ተለጥፎ ቀረ ማለት ነው! ስለዚህ በቴምፕሌቱ ኮሜንት ውስጥ ሦስተኛ መስመር ጨምሩ፦ «ይህ ፈቃድ ባዶውን ቴምፕሌት ብቻ ይመለከታል፤ ስትሞሉት እነዚህን ሦስት መስመሮች ሰርዟቸው።» ወይም ኮሜንቱን ትታችሁ በቶምል ፋይሏ ብቻ ሸፍኑት። ወርዱ ላይ ሁለተኛው ይሻላል።

ወርዱ ላይ እያለን፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ኦተር የሚለው ቦታ ላይ ቴምፕሌቱን የሠራው ሰው ስም ይቀመጣል። መቶ ድርጅት ውስጥ የተሞላ ሰነድ በዚያ ሰው ስም ይዞራል። ከመልቀቃችሁ በፊት ፋይል፣ ኢንፎ፣ ኢንስፔክት ዶክዩመንት ብላችሁ የግል መረጃውን አስወግዱ። የቀድሞ ኮሜንቶችና ትራክ ቼንጅም እዚያው ይወጣሉ።

ጊትሃብ ደግሞ ላይሰንሱን የሚለየው በሥሩ ካለው የላይሰንስ ፋይል ነው። ጽሑፉን ብትቀይሩ ወይም አናቱ ላይ የአማርኛ ማብራሪያ ብትጨምሩ አላውቀውም ሊል ይችላል። ጽሑፉ ሳይነካ ይቀመጥ። የአማርኛ ማብራሪያው ሪድሚ ውስጥ ይግባ፣ ማብራሪያ እንጂ ፈቃዱ ራሱ እንዳልሆነም ይነገር።

---

ሰነድ_ቤት፦

እጅግ እናመሰግናለን። የኤምዲኤኑን አላሰብነውም ነበር፤ ቆጥረነው 60 ገደማ ማብራሪያ ነው፣ እንደገና እንጽፈዋለን። ሁለት ጥያቄ ቀረን። አንደኛ፣ ከመመሪያው ግማሹ በቴሌግራም ግሩፕ ከ9 ሰው የተሰበሰበ ነው፤ ላይሰንስ ሳንመርጥ ነው የላኩት። ሁለተኛ፣ ባዶ ቅጽ መጀመሪያውኑ የቅጂ መብት አለው ወይ?

---

አንቀጽ_በአንቀጽ፦

ከሁለተኛው ልጀምር። በአገራችን የሚሠራው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፣ በ872/2007 ተሻሽሏል። አንቀጽ 5 ጥበቃ የማይሰጣቸውን ሲዘረዝር ሐሳብን፣ የአሠራር ዘዴንና ለጠቅላላ አገልግሎት የሚውሉ ቅጾችን ያነሳል። ስለዚህ «ቀን፣ ሰዓት፣ የተገኙ፣ ያልተገኙ፣ አጀንዳ» የሚሉ ርዕሶች ብቻ ያሉት የቃለ ጉባኤ ቅጽ የማንም ንብረት አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል። የእናንተ ቴምፕሌቶች ግን ርዕስ ብቻ አይደሉም ብዬ እገምታለሁ። «እዚህ ጋ ብልሽቱ መጀመሪያ የታየበትን ሰዓት በደቂቃ ጻፉ፣ ምክንያቱም...» የሚለው ማብራሪያ የተጻፈ ሥራ ነው፤ ጥበቃ አለው። መስመሩ የት ጋ እንደሚያልፍ ተጠቃሚው እንዲገምት አትተዉት። ሲሲ ዜሮ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ መብት ካለ እተወዋለሁ ይላል፣ ሕጉ መተውን ካልፈቀደ ያለ ምንም ግዴታ ፈቃድ ሰጥቻለሁ ይላል። ሁለተኛው ደረጃ ስላለ የየአገሩ ሕግ ቢለያይም አይወድቅም።

ወደ ዘጠኙ ሰዎች። በግሩፕ ጽሑፍ መላክ መብትን ማስተላለፍ አይደለም። እያንዳንዱ የጻፈው የራሱ ነው፣ ጥበቃውም ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። አንዱ ቢቀር የእሱን ክፍል ማውጣት ወይም እንደገና መጻፍ ግድ ይሆናል። ሰው ሳይበተን አሁን ጠይቁ። ለእያንዳንዱ በግል ይላክለት፣ በጽሑፍ ይመልስ፦

«ለአጻጻፍ መመሪያው የላክሁት ጽሑፍ ሁሉ የራሴ ሥራ ነው፣ ወይም ምንጩን ገልጫለሁ። በሲሲ ባይ 4.0 እንዲለቀቅ ፈቅጃለሁ። ስሜ እንዲህ ተብሎ ይጠቀስ፦ ___»

«ስሜ እንዲህ ተብሎ ይጠቀስ» የምትለዋን አትዝለሏት። አንዳንዱ በብዕር ስም ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ እንዳይጠቀስ ይፈልጋል፤ ሲሲ ባይም ይህን ያከብራል። በተጨማሪም የአባት ስም አጻጻፍ ላይ በኋላ ከመጨቃጨቅ ያድናል። መልሶቹን ስክሪን ሾት ብቻ አታድርጓቸው፣ ጽሑፉን ገልብጣችሁ ከነቀኑ አስቀምጡ። ለቴምፕሌቶቹም እንዲሁ፣ ሲሲ ዜሮ በሚለው ቀይራችሁ። አንዴ ሲሲ ባይ ተብሎ የተለቀቀ ተመልሶ አይሻርምና ይህንንም ንገሯቸው፤ ፈቅጄ ነበር አሁን ተውኩት የሚባል ነገር የለም።

ከዚህ በኋላ ለሚመጣው ሪፖው ላይ ላይሰንሱ ከተቀመጠ በጊትሃብ የአገልግሎት ውል መሠረት የሚመጣው ጽሑፍ በዚያው ላይሰንስ እንደገባ ይቆጠራል። በቴሌግራም ለሚመጣው ግን ይህ አይሠራም።

ቅጥረኛ የሆነ አለ? በአዋጁ ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የሠራው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የቀጣሪው ነው። በመሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት የተዘጋጀ ቴምፕሌት «አመጣሁላችሁ» ካለ እሱ ብቻውን ሊፈቅድ አይችልም፣ የድርጅቱ ደብዳቤ ያስፈልጋል። አሜሪካ ላይ በሶፍትዌር ድርጅት የሚሠራ በጎ ፈቃደኛ ካላችሁም የሥራ ውሉን ይመልከት። ከሥራ ሰዓት ውጭ የተጻፈንም የሚጠቀልል ውል አለ።

---

ብራና፦

ፎንቱን ሁላችንም ዘለልነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በኦኤፍኤል 1.1 (የክፍት ፎንት ላይሰንስ) ነው የወጣው፤ ፋይሉን ከሪፖው ጋር ስታሰራጩ የኦኤፍኤሉ ጽሑፍና የቅጂ መብት መስመሩ አብሮ ይኑር። በፎንቱ የተጻፈው ሰነድ ግን ኦኤፍኤል አይሆንም፣ ላይሰንሱ ራሱ ይህን ነጥሎ ይላል። የወርድ ፋይሎቹን ደግሞ አንድ በአንድ ክፈቱና በምን ፎንት እንደተሠሩ እዩ። ኒያላ ወይም ኢብሪማ ከሆነ የማይክሮሶፍት ንብረት ነው። ስሙ መጠቀሱ ችግር የለውም፣ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ ኢምቤድ አድርጎ ሲሲ ዜሮ ማለት ግን የሌላን ሰው ንብረት መስጠት ነው። ኦፕሽንስ፣ ሴቭ፣ ኢምቤድ ፎንትስ የሚለው ላይ ምልክት ካለ አንሱት። ኒያላ በዊንዶውስ 10 ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ስለሆነ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሌላ ፎንት ይተካዋል፣ የሠንጠረዡ መስመርም ይዘላል። ወደ ኖቶ ወይም ወደ አቢሲኒካ ሲል መቀየሩ ሁለቱንም ይፈታል።

---

ሰነድ_ቤት፦

ለሪድሚ ይህን አርቅቀናል፣ እስቲ እዩልን፦

«መመሪያውና የቃላት መፍቻው፦ ሲሲ ባይ 4.0። ቴምፕሌቶቹ፦ ሲሲ ዜሮ 1.0። በመመሪያው ውስጥ ያሉ የኮድ ምሳሌዎች፦ ዜሮ ክሎዝ ቢኤስዲ። ስክሪፕቶቹ፦ ኤምአይቲ። ፎንቱ፦ ኦኤፍኤል 1.1። በቃላት መፍቻው ከጉግል የተወሰዱ ማብራሪያዎች ተተርጉመዋል፣ አጥረዋል፤ ምንጫቸው በየቃሉ ሥር አለ። ቴምፕሌቶቹን ስትጠቀሙ ምንጩን መጥቀስ ይኖርባችኋል።»

---

ቀለም_ቀንድ፦

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከላይ ያላችሁትን አፈረሰችው። ሲሲ ዜሮ ብሎ «ይኖርባችኋል» የለም፤ «ብትጠቅሱ ደስ ይለናል፣ ግዴታ ግን አይደለም» በሏት። ሎጎውንም ረስታችሁታል። «ሎጎው ከነዚህ ፈቃዶች ውጭ ነው» የሚል መስመር ጨምሩ፣ ከ14ቱ የወርድ ቴምፕሌት ራስጌም አውጡት። ያለዚያ የማታውቁት ድርጅት ሪፖርት በእናንተ ማኅተም ይወጣል። «በመመሪያው ውስጥ ያሉ የኮድ ምሳሌዎች» የሚለውን ደግሞ መመሪያው መግቢያ ገጽ ላይም ድገሙት፤ ፒዲኤፉን ብቻ ያገኘ ሰው ሪድሚውን አያየውም።